የታኮ መከርከሚያ ማሽን እጄ ገብቷል፤ አንድ ዕቃ ጎድሎታል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ታኮ_ከራጉኤል · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። መርካቶ፣ ከራጉኤል ጀርባ የወንድ ጫማ እሠራለሁ። ሙያውን ያስያዘኝ አጎቴ ጥቅምት ላይ አረፈ። ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ ከእንጨት ፎርማዎቹና ከአሮጌ ካርቶን ሥር በሸራ የተጠቀለለ ማሽን ወጣ። በሕይወት ሳለ «ያ የታኮው ማሽን» እያለ ሲያነሳው እሰማ ነበር እንጂ ሲሠራበት አይቼ አላውቅም።

እግሩ ጊዛ፣ ቀልጦ የተቀረጸ ከባድ ብረት፣ ነው፤ ሁለት ሰው አያነሳውም። ከላይ በአግድም የተኛ ሻፍት፣ ማለትም የሚዞር ዘንግ፣ አለው፤ የሻፍቱ ጫፍ ላይ አራት ቢላ ያለው ራስ ታስሯል። የታኮው ጎን በትንሹ ወደ ውስጥ እንዲገባ ቢላዎቹ ሆዳቸውን ወደ ውጭ ነፋ አድርገዋል። አጎቴ ግራሶ ቀብቶ ስለተዋቸው ስለታቸው አልሞተም። ከጀርባው ብናኝ የሚስብ የቆርቆሮ ቱቦ ነበረው፣ እሱን ዝገት በልቶታል። የስም ሳህኑ ላይ ቪጄቫኖ የሚለው ብቻ ይነበባል፤ በጫማ ማሽን የታወቀችው የጣሊያን ከተማ ናት። ሞተሩ 220/380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 1,400 ዙር ይላል።

እኔ ታኮ የማስተካክለው እስካሁን በእጅ ነው። የምሠራው የቆዳ ድርብርብ ነው፤ ጠንካራ የሶል ቆዳ አምስት ስድስቴ ተነባብሮ በማስቲሽና በሚስማር ይያዛል። ከዚያ የተረፈውን በቢላ እቆርጣለሁ፣ በሞረድ እሞርዳለሁ፣ በስባሪ ብርጭቆ እፍቃለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። አንድ ጥንድ 40 ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ያም ሆኖ ቀኝና ግራው ሁልጊዜ አንድ አይሆንልኝም። ለፋሲካ የተቀበልኩት ትዕዛዝ ደግሞ 24 ጥንድ ነው።

እሁድ ዕለት ሦስት ፌዝ መስመር ያለው ጎረቤቴ ዘንድ ወስደን አስነሳነው። የመጀመሪያውን ታኮ ሲቆርጥ እንባዬ መጣ። ቆዳው እንደ ቅቤ እየተላጠ ወረደ። ሁለተኛው ላይ ግን ቢላው ከታኮው አፈትልኮ እግር የሚሸፍነውን የጫማውን ላይኛ ቆዳ በላው፤ የአራት ቀን ሥራ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

የጎደለው ዕቃ እንዳለ ገብቶኛል፣ ምን እንደሆነ ነው ያላወቅኩት። ሌላው፣ እኔ ቤት ያለው ነጠላ ፌዝ ነው። በዚያ ላይ አንድ ወዳጄ «የ2,800 ዙር ሞተር ግጠምበት፣ ሲፈጥን አያፈተልክም» ይለኛል፤ እውነቱን ነው?


የምናለሽ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

ወንድሜ፣ አጎትህን ነፍስ ይማር። እኔ ምናለሽ ተራ ብረት እገዛለሁ እሸጣለሁ፤ እንዲህ ያለ ማሽን በዓመት አንድ ሁለቴ እጄ ይገባል። ጎዶሎ ሆኖ የሚመጣው ያስቸግራል፣ መለዋወጫው ገበያ ላይ የለም። ዛሬ ታኮ በፕላስቲክ ተዘጋጅቶ ነው የሚገባው፤ የሚከረክመው ሰው ጥቂት ነው። ጊዛውን በኪሎ ሽጠህ በገንዘቡ ላይ ጨምረህ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈጨውን የቻይና ማሽን ብትገዛ ለፋሲካ ትደርሳለህ። ላሳስትህ ፈልጌ አይደለም፤ ልጅ ታሳድጋለህ ብዬ ነው።


የሰባ_ደረጃዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እባክህን በኪሎ እንዳትሸጠው!

ፒያሳ በኩል የሴትና የወንድ ጫማ በትዕዛዝ እሠራለሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈጨውንም ማሽን ለስድስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። ለፕላስቲክና ለጎማ መልካም ነው። ለቆዳ ድርብርብ ግን መፍጨትና መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ወረቀቱ ቆዳውን ያግለዋል፤ ማስቲሹ ይለሰልስና ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ የንጣፎቹ መስመርም ይጨፈገጋል። ስለታም ቢላ የቆረጠው ታኮ ላይ መስመሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀለም ቀብተሽ በሰምና በጋለ ብረት ስታሽው እንደ ዋንዛ እንጨት ይጠራል። ደንበኛዬ ጫማውን ገልብጦ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው።

የብናኙንም ነገር ልብ በል። ወረቀት የሚያወጣው ዱቄት ነው፣ ቢላ የሚያወጣው በአብዛኛው ፍቅፋቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቆዳ ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል፤ የሚያጠቃውም አፍንጫንና በዙሪያው ያሉትን ክፍተቶች ነው። ማንኛውንም መንገድ ብትመርጥ ያን የተበላ ቱቦ አሠራው፣ ጭምብልም አድርግ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ዓመት ያለ ጭምብል ሠርቻለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ይከነክነኛል።

መለዋወጫ የጠፋበት ምክንያት የማሽኑ እርጅና ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 የተቋቋመው ዩናይትድ ሹ ማሽነሪ የሚባለው ድርጅት ዋና ዋና ማሽኖቹን አይሸጥም ነበር፤ ያከራያል፣ የሚጠግኑትም የራሱ ሰዎች ናቸው። በዚያው አቆጣጠር በ1953 ፍርድ ቤት መሸጥም አለብህ እስኪለው ድረስ እንዲሁ ቆየ። የእንዲህ ያሉ ማሽኖች እውቀት ከጫማ ሠሪው እጅ ርቆ የኖረው በዚህም ጭምር ይመስለኛል። ያንተው የጣሊያን መሆኑ ገብቶኛል፤ ቢሆንም የሚያውቁት አሮጌዎቹ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸውና እነሱን ፈልግ።


ቶርኖ_ጎጃም_በረንዳ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ስለ ፍጥነቱ እኔ ልመልስ። የሞተሩ ፑሌጃና የሻፍቱ ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ክቦች፣ ዳር እስከ ዳር ስንት ስንት ሚሊ ናቸው? የቢላው ራስስ ዳር እስከ ዳር ስንት ይሆናል?


ታኮ_ከራጉኤል · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡45

የሞተሩ 160፣ የሻፍቱ 50። የቢላው ራስ 70 ሚሊ።


ቶርኖ_ጎጃም_በረንዳ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

160 ለ50 ሲካፈል 3.2 ነው። 1,400 ሲባዛ በ3.2፣ ሻፍቱ በደቂቃ 4,480 ጊዜ ይዞራል። ቢላዎቹ አራት ስለሆኑ በደቂቃ 17,920 ምት ማለት ነው። አንድ የወንድ ታኮ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ዙሪያው 18 ሴንቲ ግድም ነው። በአራት ሰከንድ ብታዞረው 1,195 ያህል ምት ያርፍበታል፤ በሁለት ምት መካከል ያለው ርቀት 0.15 ሚሊ ብቻ ነው። ዓይን አያየውም። ታዲያ ተጨማሪ ፍጥነት ምን ይሠራልሃል?

የ2,800 ሞተር በዚያው ፑሌጃ ብትገጥም 8,960 ዙር ይሆናል። ሲፈጥን የሚወረውረው ኃይል አብሮ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። የቢላው ማሰሪያ ብሎን ለዚያ ይቻል አይቻል ማንም አልለካውም። አንዱ ቢላ ከሌሎቹ በትንሽ ግራም ቢከብድ እንኳ ሻፍቱ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ይጨርሰዋል። ቢላ ቢወረወር ደግሞ ፊትህ እዚያው ነው ያለው። ወዳጅህ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ግን አትስማው።

አንድ ሌላ ነገር፦ ማሽኑን ከማስነሳትህ በፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ እይ። የቢላውን ራስ የያዘው ዳዶ ጥርሱ ሲሠራ እንዲጠብቅ ተደርጎ የተቆረጠ ነው። ሦስት ፌዝ ላይ ሁለት ሽቦ ቦታ ቢለዋወጥ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ያን ጊዜ ዳዶው እየተፈታ ይሄዳል። እሁድ ጎረቤትህ ቤት ስታስነሱት አይታችሁ ነበር?


ታኮ_ከራጉኤል · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

አላየንም። አሁን አንተ ስትል ነው የደነገጥኩት።


የፊኒሺንግ_ጡረተኛ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ናት ይህን የምትጽፍልኝ፤ እኔ እናገራለሁ። በ1970ዎቹ በአንድ ትልቅ ጫማ ፋብሪካ የማጠናቀቂያ ክፍል ውስጥ ታኮ ከርካሚ ነበርኩ። የጎደለህን አውቄዋለሁ።

የቢላው ራስ ሁለት ጠባቂ አለው። አንደኛው የታኮው መሬት ረጋጭ ፊት የሚደገፍበት ነው፤ ለመጀመሪያው ጫማ ስላገለገለህ እሱ ያለ ይመስለኛል። ሁለተኛው ከቢላው ራስ በጫማው በኩል የሚቆም ቀጭን ክብ ሳህን ነው። ታኮውና ላይኛው ቆዳ የሚገናኙበት ስንጥቅ አለ አይደል? የሳህኑ ጠርዝ እዚያ ገብቶ ይሄዳል። ቆዳው በሳህኑ ጀርባ ያልፋል፤ ቢላው ታኮውን እንጂ ቆዳውን አያገኘውም። ጫማህን የበላው የእሱ አለመኖር ነው።

ሳህኑ ከሻፍቱ ጋር መዞር የለበትም። ሻፍቱ ይዞራል፣ እሱ ቆሞ ይቀራል፤ ቢዞር ቆዳውን ፈትጎ ያቃጥለዋል። የያዘው ክንድ ከማሽኑ አካል ጋር በሁለት ብሎን ነበር የሚታሰረው። ከሻፍቱ ኩሽኔታ ፊት ለፊት ግራሶ የሞላባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ካገኘህ የእሱ ናቸው። መለዋወጫ ፍለጋ አትንከራተት፤ ጎበዝ ቶርኖ ይሠራዋል። ጠርዙን ክብ አድርጎ እንደ መስታወት ይወልውለው፤ ትንሽ ሻካራ ከቀረበት ቆዳውን ይቧጭራል።

ይህን ሳህን ለምን እንደዚህ እንደማጠብቅብህ ልንገርህ። ለገና ብዙ ጥንድ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ለእያንዳንዱ ሞዴል ሳህኑን ማስጠጋትና ማራቅ ያስፈልጋል፤ ያ ጊዜ ይወስዳል። አጠገቤ የሚሠራ ጓደኛዬ «ዓይኔ ይበቃኛል» ብሎ ፈታው። ሁለት ቀን ሠራበት፣ ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ጫማው ከእጁ ተሽከረከረ፤ የግራ ጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወስፌ መያዝ አቃተው። አንተም በዓል ደርሶብህ 24 ጥንድ አለብኝ ስትል ሳነብ፣ ማለቴ ሲነበብልኝ፣ እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ሳህኑ እስኪሠራ ማሽኑን አታስነሳ። ትዕዛዙ ቢዘገይ ይዘግይ።

አያያዙን ደግሞ እንዲህ አድርግ። ጫማውን በሁለት እጅ ያዝ፣ ክርኖችህን ከጎድንህ አጣብቅ። ከታኮው የፊት ማዕዘን ከአንዱ ትጀምራለህ፣ ኋላውን ትዞራለህ፣ በሌላው ማዕዘን ትወጣለህ። የምትዞረው በእጅ አንጓ ብቻ አይደለም፣ ወገብህም አብሮ ይዞራል። መሃል ላይ አትቁም፤ የቆምክበት ቦታ ጉድጓድ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ብዙ አታስበላው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለስበት። ማስቲሹ ሳይደርቅ፣ ቆዳው እርጥብ ሳለ አትቁረጥ፤ ፀጉሩን ያነሳል። ሚስማሮችህ ከዳር ቢያንስ አንድ ሴንቲ ገባ ይበሉ። ቢላው ሚስማር ካገኘ ስለቱ ወዲያው ይጎርዳል፣ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ታኮ ላይ መስመር ያሰምራል።

አጎትህን ሳላውቀው አልቀርም ብዬ እገምታለሁ። ይህ ሙያ እዚህ ከተማ ውስጥ ዘር አለው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ አርመን ነጋዴዎች ሁለት የጫማ ፋብሪካ ከፈቱ፤ እዚያ የተማሩት ወጥተው መርካቶ ውስጥ በየራሳቸው ቤት ሠሩ፣ እነሱ ደግሞ ሌሎችን አስተማሩ። መርካቶ ውስጥ ያለው ጫማ ሠሪ ሁሉ አስተማሪውን ወደ ኋላ ቢቆጥር አብዛኛው እዚያ ይደርሳል።


የሰባ_ደረጃዋ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይህን የምትጽፈውንም ልጅ እግዜር ያሳድጋት። አንድ ልጠይቅዎ፦ የሴት ጫማ ላይ ታኮው ቀጠን ሲል ያው ቢላ ይሆናል?


የፊኒሺንግ_ጡረተኛ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

አይሆንም ልጄ። ቢላው የታኮው ግልባጭ ነው፤ የታኮው ቅርጽ በተለወጠ ቁጥር ቢላውም ይለወጣል። እኛ ለየሞዴሉ የተለያየ የቢላ ስብስብ በሳጥን ነበረን። ቀጭኑን በወንድ ቢላ ብትሞክሪ ወገቡን ትበይዋለሽ።


ሊስትሮ_ለገሃር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ እኔ ለገሃር ጋር ሊስትሮ ነበርኩ፣ አሁን ጥገናም ጀምሬያለሁ። ያረጀ ታኮ ግርጌ ላይ የጎማ ንጣፍ እለጥፋለሁ፤ ትርፉን በቢላ ስቆርጥ ይጎረብጥብኛል። በዚህ ዓይነት ማሽን ይቆረጣል?


የፊኒሺንግ_ጡረተኛ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ጎማ ቢላውን ይዞ ይጎትታል፣ ጫማውን ከእጅህ ይነጥቃል። ለጎማ መፍጫው ነው የሚሻለው። አንተ በእጅ ስትቆርጥ ቢላህን ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ እየነከርክ ቁረጥ፣ አይጎረብጥብህም።


ሽቦ_አራት_ኪሎ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

የፌዙ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ሞተርህ 220/380 መሆኑ ጥሩ ዜና ነው። ነጠላ ፌዝ 220 ተቀብሎ ሦስት ፌዝ 220 የሚያወጣ ኢንቨርተር አለ፤ ግዛና የሞተሩን የሽቦ ሳጥን ከፍተህ ከስታር ወደ ዴልታ አዙረው፤ ሁለቱ የሞተር ሽቦ አያያዝ ዓይነቶች ናቸው። ስታር ላይ ትተኸው ብታስነሳው አቅም ያንሰዋል፣ ታኮ ሲነካ ይቆማል፣ ይግላል።

በካፓሲተር አስነሳልሃለሁ የሚልህ ይኖራል። ይነሳል፤ ግን ከአቅሙ ሲሶ ያህሉን ያጣል፣ ቢላው ቆዳ ውስጥ ሲገባ ይዝላል። የዛለ ቢላ ነው ጫማ የሚነጥቀው። ኢንቨርተሩ ቀስ ብሎ ስለሚያስነሳው ያ ሁሉ ጊዛና ሻፍት ሞተሩን ከሻፍቱ የሚያገናኘውን ቺንጋ አይበጥስም። አቅጣጫውንም በአንድ ቁልፍ ትለውጣለህ፤ ቶርኖው ያለው ችግር እንዳይደርስብህ ትክክለኛውን ካገኘህ በኋላ ቆልፈው። የመሬት ሽቦውን ከጊዛው እግር ጋር እሰር። ቀይ ማቆሚያ ቁልፍም በጉልበትህ ልትመታው በምትችልበት ቦታ ይሁን፤ ሁለት እጅህ ጫማ ይዞ ነውና።


የምናለሽ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5፡25

ወንድሜ፣ የትናንት ወዲያውን ምክሬን አንስቻለሁ። ጋሼ ያሉትን ሳነብ መጋዘኔ ውስጥ ምን እንደሆነ ሳላውቅ የጣልኩት አንድ ክንድ ያለው ክብ ሳህን ትዝ አለኝ። ወጥቼ አየሁት፤ ላንተ ማሽን አይገጥምም፣ ቀዳዳዎቹ ይራራቃሉ። ግን ለቶርኖው ናሙና ይሆነዋል። ና ውሰደው፣ ብር አልቀበልህም።


ታኮ_ከራጉኤል · በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡30

ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ ጋሼ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሁለቱ ቀዳዳዎች ጋሼ ባሉበት ቦታ ተገኙ። ዘይት ማጠጫ መስለውኝ በእሁዱ ዕለት ዘይት አፍስሼባቸው ነበር። ናሙናውን ከምናለሽ ተራ አምጥቼ ጎጃም በረንዳ ወሰድኩት። ቶርኖው ሳህኑን ከ1.5 ሚሊ ብረት ሠራው፣ ጠርዙን ክብ አድርጎ በወፍራም፣ ከዚያ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት፣ መጨረሻ በጨርቅ ወለወለው። ጥፍሬን አስሄድኩበት፣ አልያዘኝም። ክንዱ ወደፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድ ቀዳዳዎቹን ረዘም አድርጎ ከፈታቸው። ኢንቨርተሩን ሽቦ_አራት_ኪሎ ራሱ መጥቶ ገጠመልኝ፤ ቡና ብቻ ነው የጠጣው። አቅጣጫውን አየን፤ የእሁዱ በተቃራኒ ነበር። ዳዶው ሩብ ዙር ያህል ተፈቶ አገኘነው። ያን ስናይ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆምን።

ቱቦውን አዲስ ቆርቆሮ አስበይጄለት ከመሳቢያ ጋር አያያዝኩት። መጀመሪያ ከተበላሸው ጫማ ላይ በነቀልኩት ታኮ ተለማመድኩ። ሳህኑ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ በእጅ ይታወቃል፤ ጫማው መንገዱን ያገኘ ያህል ይረጋል። ትናንትና ዛሬ ዘጠኝ ጥንድ ከርክሜያለሁ። ማሽኑ ላይ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ቀጭን ወረቀት፣ ቀለምና ሰም፤ ሁሉም ተደምሮ 12 ደቂቃ ይወጣዋል። ቀኝና ግራውን ጀርባ ለጀርባ ሳስቀምጣቸው አንድ ናቸው። አጎቴ ይህን ለምን ጠቅልሎ እንዳስቀመጠው አሁን ይመስለኛል የገባኝ፤ ሳህኑ ስለጠፋበት አልነካውም፣ ግን ሊጥለውም አልሆነለትም።

አንድ ችግር አለ። ሰባተኛው ጥንድ ላይ፣ የግራው ታኮ መውጫ ማዕዘን ላይ አንድ ሚሊ የምትሆን ጉድጓድ ገባች። በማስቲሽና በቆዳ ዱቄት ልሙላው? እስከ ማክሰኞ የሚሰጥ ነው።


የፊኒሺንግ_ጡረተኛ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡20

ደስ ብሎኛል ልጄ። ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል።

አትሙላው። የተሞላ ታኮ ክረምት ሲመጣ ይለቃል፣ ደንበኛው ደግሞ ወዳንተ አይመለስም፣ ወደ ሌላ ነው የሚሄደው። ሳህኑን በትንሹ አስጠጋና የግራውን ታኮ ዙሪያውን አንድ ሚሊ አውርደው፤ ጉድጓዷ አብራ ትጠፋለች። ከዚያ የቀኙንም በዚያው ልክ አውርድ፤ ጥንድ ነውና እኩል ይሁን። አንድ ሚሊ ከዙሪያው ቢቀንስ ማንም አያውቀውም።

ጉድጓዷ የመጣችው ስትወጣ ነው። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ጨረስኩ ብለህ እጅህን ላላ አድርገሃል፤ ያን ጊዜ ቢላው ይስበዋል። ማዕዘኑን አልፈህ፣ ጫማው ከቢላው ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ አጥብቀህ ያዝ።

ከዘጠኝ ጥንድ በኋላ ቢላው መሳል ይፈልጋል። በሆዱ በኩል እንዳትስለው፤ ቅርጹ ይጠፋል፣ ታኮዎችህም ከፊተኞቹ ጋር አይመሳሰሉም። የሚሳለው በፊቱ ብቻ ነው፤ አራቱም እኩል መጠን፣ እኩል ክብደት ይሁኑ። እሱን በጽሑፍ ማስረዳት ይከብደኛል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ታመጣኛለች፣ አብረን እንስላቸዋለን። ሞተሩን ከሶኬት ነቅለህ ጠብቀኝ።